ለብቻ የማይዋጥ ኪኒን

«የጨጓራው ባክቴሪያ አሁንም አለ» አለች ሐኪሟ፣ የምርመራ ወረቀቱን ባዬ ፊት እያስቀመጠች። «በሁለት ዓመት ሦስተኛ ጊዜ መሆኑ ነው። ኪኒኑን ዐሥራ አራቱንም ቀን ውጠዋል?»

«ውጫለሁ» አለ ባዬ። ውሸት አያምርበትም።

ሚስቱ ቻይነሽ ትዕግሥቷ አለቀ። ታላቅ ወንድሙን የጨጓራ ካንሰር ወስዶት ከቀበሩት ገና ዓመቱ ነው። ሐኪሟም አልደበቀቻቸውም፤ ይህ ነገር ዛሬ ከጠፋ የነገው አደጋ ይቀንሳል ብላቸዋለች። እሱ ግን ይቀልዳል።

«የዋጠው ሰባት ቀን ነው» አለች ቻይነሽ። «ሰባቱን ለነፍስ አባቱ ይሰጣል።»

ባዬ አቀረቀረ። «አባ ክንፈሚካኤል ሆዳቸውን ይዘው ሲያቃስቱ እያየሁ? ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል።»

«እሱ ለእንጀራ ነው የተባለ» አለች ቻይነሽ።

«ለምን መጥተው አይመረመሩም?» አለች ሐኪሟ።

«ሰውን ጠበል ጠጡ እያሉ፣ እሳቸው ለካርድ ተሰልፈው ቢታዩ ምን ይባላል?»

ሐኪሟ በረጅሙ ተነፈሰች። «ግማሽ ግማሹን ስትውጡት ባክቴሪያው መድኃኒቱን ይለምደዋል። ከዚህ በኋላ ብዙ ምርጫ የለንም።»

መድኃኒቱን በፌስታል ይዘው ሲወጡ፣ አባ ክንፈሚካኤል ከቡሬ ገበያ እግረ መንገዳቸውን መጥተው የጤና ጣቢያው በር ላይ ቆመዋል። «ስንት ቀን ሰጡህ፣ ልጄ?» ባዬ እጁን ወደ ፌስታሉ ሰደደ።

ቻይነሽ ፌስታሉን ነጠቀችው። «ይፍቱኝ አባ። ይህ ሰው የእኔንም የሐኪሟንም ቃል አይሰማ፤ የሚሰማ የእርስዎን ነው። ግማሹን ከወሰዱ እንደ ወንድሙ እቀብረዋለሁ። ፈርቻለሁ።»

ራሷም ደነገጠች፤ እንዲህ ተናግራቸው አታውቅም።

«ቀኖና ሰጥቼሃለሁ» አሉት ቄሱ ወደ ባዬ ዞረው። «ዐሥራ አራት ቀን፣ ጧትና ማታ፣ ለብቻህ ትውጣለህ። አንዲት ፍሬ ለሰው ብትሰጥ አልፈታህም።»

«እርስዎስ አባ?»

ቄሱ ወደ ካርድ መስኮቱ ሄዱ። ከተሰለፉት ገሚሱ የንስሐ ልጆቻቸው ናቸው፤ መስቀል ሊሳለሙ የመጡ መስሏቸው ጎንበስ እያሉ መንገድ ለቀቁላቸው።

«ተራዬን እጠብቃለሁ» አሉና፣ በቀኝ እጃቸው መስቀሉን እያሳለሙ፣ ግራቸውን ሆዳቸው ላይ ተጭነው ከሰልፉ መጨረሻ ቆሙ።