የደረሱ ጓል

በእኛ አገር በያዩ፣ ከሃያ ዓመት ወዲህ፣ የድንጋይ ከሰል ሲነድ ከሰሉ የተገኘበት የጥንት ጫካ ዝናብ ቤት ውስጥ ይሰማል። ድምፅ ብቻ ነው፤ አያረጥብም። እውነተኛው ዝናብ ከቀረ ዘጠኝ ዓመት ሆነው። እኔ ግን ከሰል ባነደድኩ ቁጥር ሳፋ እደቅናለሁ።

ልጄ ሊሻን በወለደች ማግስት ገንፎ ላገነፋላት ብል አንድ ጓል ከሰል ብቻ ቀርቶናል። ባሌ ደረሱ የከሰሉ ጉድጓድ ተደርምሶበት ሳይሞት በፊት ከላይኛው የከሰል ንጣፍ ቆርጦ ያመጣው ነው። ሲቆርጠው ያሳለው ሳል እንኳ ውስጡ ቀርቶ ይሆናል ብዬ ስድስት ዓመት አልነካሁትም።

«የአባባን አትንኪው፣ እማ» አለች ሊሻን።

«አራስ በባዶ ሆዷ አትተኛም» ብዬ ለኮስኩት።

ጎረቤቴ ወርቂቱ ቅቤ እያቀለጠች ሳቀችብኝ። «ደግሞ ሳፋ ትደቅናለች። ምን ልትቀጂ ነው?»

ዝናቡ መጣ። ሕፃኑ ለቅሶውን ትቶ አዳመጠ። ደረሱ «የላይኛው ከሰል ጫካው ሊያልቅ ሲል የሆነ ነው፤ ዝናቡ አጭር ነው» ይለኝ ነበር። እውነቱን ነው። ገንፎው ሳይበስል ዝናቡ ሳሳ፣ ጠብታ ሆነ፣ ከዚያም ዛፎቹ አንድ በአንድ ሲወድቁ ሰማን። ጆሮዬን ሊጠፋ በተቃረበው እሳት ላይ ደፍቼ የደረሱን ሳል ጠበቅሁ። አልመጣም።

ሊሻን ያልበሰለውን ገንፎ በላች። ሕፃኑ ዓይኑን ጣራው ላይ ተክሎ ቀረ። ሳፋውን ላነሳ ብል ወርቂቱ እጄን ያዘችኝ።

«ተዪው» አለች። «ትንሽ ይቆይ።»