ጿሚው ራዳር

«ረቡዕና አርብ ይጾማሉ፣ አቶ ዳኜ?»

«እጾማለሁ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃም አልቀምስ።»

«እኔም እጾማለሁ» አሉ ኮሎኔል ካሣዬ፤ «ግን ራዳር የለኝም።»

ዳኜ ቡራዩ ውስጥ ዲሽ ሲሰቅልና የተበላሸ ዕቃ ሲጠግን ሃያ ዓመቱ ነው። ሱቁ ከኮሎኔሉ ቢሮ ጋር ጀርባ ለጀርባ ነው። ኮሎኔሉም ደንበኛው ናቸው፤ ባለፈው ወር «በሩ አይገጥምም፣ ጨረሩ ያመልጣል፣ ይጣሉት» ብሎ የመለሰላቸው ማይክሮዌቭ እዚሁ ቢሯቸው ጥግ ላይ በሩ በሽቦ ታስሮ ተቀምጧል። አሁን ግን ዳኜን የሚያሳስበው ሽቦ የራሱ እጅ የታሰረበት ነበር።

ኮሎኔሉ አዲስ ድሮን ያስሞክራሉ። የጠላት ራዳር የሚረጨውን ጨረር አሽትታ ላዩ ላይ የምትወድቅ ናት። ሱሉልታ ተራራ ላይ የውሸት ራዳር ተክለውላታል። ባለፈው ሳምንት ሰኞ፣ ልክ ስድስት ሰዓት ላይ፣ ሱሉልታ ልትደርስ ስትል ፊቷን አዙራ ቡራዩ፣ እዚህ ሰፈር መጣች። ማክሰኞም እንዲሁ። ረቡዕ ቀጥ ብላ ሄደች። ሐሙስ ተመለሰች። አርብ ደግሞ ጨዋ ሆነች።

«ባለ ራዳሩ ጿሚ ነው» የሚል ሪፖርት ተጻፈ። በሰፈሩ ጿሚ ሞልቷል፤ አሥራ አራት ዲሽ ጣሪያው ላይ ያለው ግን ዳኜ ብቻ ነው።

«ዲሽ ይቀበላል እንጂ አይልክም፣ ጌታዬ።»

«ሰላይም እንደዚያ ነው የሚለው።»

ኮሎኔሉ ወንበራቸውን ወደ ዳኜ አስጠጉ።

«ዛሬ ሐሙስ ነው» አሉ ኮሎኔሉ። «ሱቅዎ ታሽጓል፣ መብራቱ ተቆርጧል፣ እርስዎ እዚህ አሉ። ቀጥ ብላ ከሄደች ባለ ራዳሩ እርስዎ ነዎት፤ ወህኒ ይወርዳሉ። ከተመለሰች ቤትዎ ይገባሉ።»

«እንደ ባለፈው ባዶዋን ነው የምትበረው?»

«ዛሬማ ፈንጂዋን ይዛለች።»

ዳኜ ዓይኑን ጨፈነ። «አቡዬ፣ መልሳት» አለ በልቡ።

ሬዲዮው ተንኮሻኮሸ። ሱሉልታ ያለው ሻምበል አጵሎስ ነበር። «ቀጥ ብላ እየመጣች ነው፣ ጌታዬ። አራት ደቂቃ ቀራት።»

«ሰሙ?» አሉ ኮሎኔሉ። ፊታቸው በራ። ሰዓታቸውን አዩ፤ ስድስት ሊሆን ምንም አልቀረው።

«አቡዬ፣ አንድ ጊዜ ብቻ። መልሳት።»

«አይዞዎት፣ ሳይበሉ አይሄዱም» አሉ ኮሎኔሉ። የማይክሮዌቩን ሽቦ ፈትተው የጥብሱን ሳህን አስገቡ፤ በሩን በክርናቸው መትተው ዘጉና አበሩት።