የዴልማር ነጭ አጥር

ዴልማር የመጨረሻውን ብሎን አጥብቆ ከመሰላሉ ወረደ...

ሥራውን ለማየት ጥቂት ወደ ኋላ ራቅ አለ። የጎረቤቱ ግቢ ከዓይኑ ጠፍቷል። እዚያ የሚጫወቱት የሰፈሩ ልጆች ሳቅ ግን እንደ ልብ ይሰማል።

ባለቤቱ ጆሊን በሩ ላይ ቆማ፣ አጥሩ ደርብ ያስፈለገው ለምን እንደሆነ ጠየቀችው። ከዚያኛው ግቢ የሚበር ፓክ፣ ያ በረዶ ላይ በዱላ የሚመቱት የሆኪ ጠጣር ጎማ፣ መስኮት እንዳይሰብር ነው አላት።

"እስካሁን ስንት መጣብን?"

"እስካሁንስ አልመጣም።"

ጆሊን በሩን ዘግታ ገባች...

እውነቱ ሌላ ነበር።

በረዶ በሚበዛባት በዚህች ትንሽ የማኒቶባ ከተማ፣ በእነ ዴልማር ሰፈር፣ ዘጠኝ ክረምት ሙሉ ልጆች በበረዶ ሸርተቴ የሚጫወቱት በእሱ ጓሮ ነበር።

የእሱ የበረዶ ሜዳ እንደ ጠጅ ጥንስስ ነው፤ ችኮላ አይወድም። ውሃ በስሱ ያፈስሳል፣ እስኪጠጥር ይጠብቃል፣ ደግሞ ያፈስሳል... መጨረሻ ላይ ሙቅ ውሃ። ሙቁ ውሃ ጭረቱን አቅልጦ እንደ መስታወት ያለሰልሰዋል።

ሕግም ነበረው።

በተራ ጫማ በረዶውን መርገጥ ክልክል። በረዶው ላይ መብላት ክልክል። በድንገት ቆሞ በሸርተቴ ጫማ በረዶውን መፋቅም... ክልክል።

ዘንድሮ ኦረስት የሚባል ሰው አጠገባቸው ያለውን ቤት ገዛ። እሱም ጓሮው ውስጥ ሜዳ ሠራ።

ሜዳ ከተባለ።

እዚህ ያበጠ፣ እዚያ የሰረጎደ፣ መሃሉ ላይ የሣር ጫፍ የሚታይበት ነገር ነው። ኦረስት ራሱ መንሸራተት አይችልም፤ ይወድቅና ተጋድሞ ይስቃል።

ልጆቹ በአንድ ሳምንት ውስጥ ጠቅልለው ወደዚያ ሄዱ።

ዴልማር ይህን ቻለው። የአሥራ አንድ ዓመት ልጁ ብሪን የሸርተቴ ጫማዋን ትከሻዋ ላይ አንጠልጥላ በጓሮ በር ስትወጣ ግን... በረዶ ላይ መቆምን ያስተማራት እሱ ነው።

የት እንደምትሄድ ጠየቃት።

"ኦረስት ጋ። እዚያ መውደቅ ይቻላል፣ አባዬ።"

ከዚያ ቀን ጀምሮ ጎኑ ላይ እሾህ እንደተሰካበት ሰው ሆነ። ቁርሱን መስኮቱ ላይ ቆሞ ይበላል። ማን እንደመጣ፣ ስንት እንደመጡ፣ የትኛው ልጅ ስንት ጊዜ እንደሳቀ ያውቃል።

አንድ መጽናኛ ነበረው።

የኦረስት ግቢ ጥላ የሚባል የለውም። የካቲት ሲጋመስ የቀትር ፀሐይ ትበረታለች፣ ያ በረዶም ገንፎ ይሆናል። ስለ በረዶ የዴልማርን ያህል የሚያውቅ በሰፈሩ የለም። እጁን አጣጥፎ መጠበቅ ብቻ ነበረበት።

ቅናት ግን መጠበቅ አያውቅም።

የካቲት ሊጋመስ ሳምንት ሲቀረው ነጭ ጣውላ ገዝቶ አመጣና በሁለቱ ግቢ መካከል ባለው አጥር ላይ ደርቦ ቁመቱን እጥፍ አደረገው... ብሪን ከመስኮቷ እንዳታያቸው። ከዓይን የራቀ ከልብ ይርቃል ብሎ።

የካቲት ተጋመሰ። ፀሐይዋም መጣች።

የዴልማር በረዶ በአጥሩ ጥግ አላበው፣ ከዚያ ለሰለሰ፣ ከዚያ ገንፎ ሆነ። በዘጠኝ ዓመት እንዲህ ያለ ነገር አይቶ አያውቅም።

ከአጥሩ ማዶ ሳቁ ቀጥሏል። እንዲያውም ብሶበታል... ኦረስት ምን መድኃኒት አግኝቶ ነው እያለ ሲብሰለሰል ሰነበተ።

ቅዳሜ ከሰዓት በሩ ተንኳኳ።

ኦረስት ነው። ፔሮጊ የሚሉትን፣ በድንች የተሞላ የተቀቀለ ሊጥ በሳህን ይዟል፤ ላዩ ላይ ያለው ቅቤና ሽንኩርት ገና ይጨሳል።

የመጣው ሊያመሰግን እንደሆነ ተናገረ። በረዶው መላላት ጀምሮ ስለነበር ለልጆቹ መጪው እሁድ የመጨረሻችን ነው ብሏቸው ኖሯል። ከዚያ አጥሩ ቆመ። ፀሐይ የምትዞረው በደቡብ፣ በዴልማር ቤት በኩል ነው፤ የአጥሩ ጥላ የኦረስትን ሜዳ ከዳር እስከ ዳር ሸፈነው። በረዶው እንደ ድንጋይ ጠነከረ።

"ያንተ ግን ተበላሸ" አለ ኦረስት ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "ነጩ ጣውላ ፀሐይዋን መልሶ አንተው ላይ ይደፋታል። መቼም ይህን ሳታውቅ ቀርተህ አይደለም።"

ዴልማር ዓይኑን ከኦረስት ወደ ሳህኑ መለሰ።

ሳያውቅ ቀርቶ ነበር። ዘጠኝ ዓመት ጥላና ፀሐይ ሲለካ የኖረ ሰው፣ መሰላል ላይ ሲወጣ የታየው ሳቃቸው ብቻ ነበር።

"እውነቱን ልንገርህ ወንድሜ፣ እኔና ሚስቴ መጀመሪያ ቀንቶብን ነው ብለን ነበር" ቀጠለ ኦረስት። "ያሳፈረችን ብሪን ናት። 'አባዬ ስለ በረዶ የማያውቀው የለም፤ የራሱን በረዶ ሠውቶላችሁ ነው' አለችን።"

ብሪን ከአባቷ ኋላ ቆማለች። ዞሮ አያት። እንደዚያ በኩራት ካየችው ክረምቱ ሙሉ አልፏል...

ሊናገር አፉን ከፈተ።

"ምን ችግር አለው" አለና ሳህኑን ተቀበለ።

ወዳጆቼ... ለሰው ጉድጓድ የማሰ ራሱ ይገባበታል ሲባል ሰምተናል። ዴልማር የገባበት ግን ከጉድጓድ ይጠልቃል። ቅናት በመጀመሪያ የሚሰርቀን ጠንቅቀን የምናውቀውን ነገር ነው። ከዚያ ወዲያ ደግሞ ባልሠራነው ደግነት መመስገን ከየትኛውም ስድብ ይብሳል።

እናንተ በዴልማር ቦታ ብትሆኑ ለልጃችሁ እውነቱን ትነግሯት ነበር? ወይስ ፔሮጊው ሳይቀዘቅዝ በልታችሁ ዝም?

የልባችሁን ኮሜንት ላይ ጻፉት... እኔ እስካሁን አልወሰንኩም።