የእኔው አገር ይብሳል

ደብረ ሲና መናኸሪያ ቆሎ መሸጥ ከጀመርኩ ዓሥራ አንድ ዓመቴ ነው። አገሩን የማያሞግስ መንገደኛ ግን ገጥሞኝ አያውቅም። ከመንዝ የሚወርደው ስለ ንጹሕ አየሩ፣ ከሸዋሮቢት የሚወጣው ስለ ፓፓያው ሲያወራ ነው የሚያልፈው።

የዛሬዎቹ ወንድምና እህት ግን ጉድ ናቸው።

«መንዝ ብርዱ አጥንት ይሰብራል!» ይላል እዚያው መንዝ የሚኖረው ወንድም። «ጉልበት ለሚያመው ሰው ቆላ ነው የሚሻለው!»

«ቆላ?» ጮኸች ሸዋሮቢት የምትኖረው እህቱ። «ሙቀቱ ትንፋሽ እያሳጠረ? ወባው ጤነኛውን እየጣለ? ዓይንህን በጨው አጥበህ መጣህ? ለፋሲካ ‹ደጋ ጤና ነው› እያልክ ስትኩራራብን አልነበር?»

«አንቺስ ብርዱን ፈርተሽ አይደል ለዓመት በዓል እንኳ የማትመጪው?»

ሰው ከቧቸው ይስቃል። አንድ ስኒ ቆሎ የሚገዛኝ ጠፋ። እኔም ደሜ ፈላ።

«ገበያዬን ዘጋችሁት እኮ! ያገራችሁን ገመና እቤታችሁ ሄዳችሁ ዘርግፉ!»

የሰማኝ የለም። ወንድምየው ዞር ብሎ፣ አጠገባቸው ጓዛቸው ላይ ተቀምጠው መኪና የሚጠብቁ የመሰሉኝን አሮጊት፣

«እማዬ፣ ብርዱ እንዴት እንዳደረገሽ አንቺው ንገሪያት!» አላቸው።

እህቲቱም ቀበል አድርጋ፣ «እማዬ፣ ሙቀት እንደማትችዪ አንቺው ንገሪው!» አለች።

አሮጊቷ ጉልበታቸውን ደግፈው ተነሡና ወደ እኔ መጡ።

«ልጄ፣» አሉኝ፣ «እዚህስ አየሩ እንዴት ነው?»