እትብቱ በጨው ውስጥ

እርሻችን ጦም ካደረ ሃያ ሁለት ዓመቱ ነው። አፈሩ የሰማዩን ጭስ እየዋጠ በሆዱ ይዟል፣ ከተቆፈረ ይለቀዋል ተባለና፣ ማንም ሰው መሬት እንዳይቆፍር ታዘዘ። የቆፈረ ከመንደሩ ይነቀላል። በየማሳው የተተከለች ባለመብራት ዘንግ መሬቱን ትጠብቃለች፤ የቆፈረ ካለ ለጠባቂዎች ትጠቁማለች።

ልጄ በተወለደ በሰባተኛው ቀን እትብቱ ረገፈ። እናቴ አንጓች በጨርቅ ጠቅልላ ሰጠችኝ።

«ከማሳው ዳር፣ ያንተ ካለበት ጎን ቅበረው» አለችኝ።

«እማዬ፣ ክልክል ነው እኮ!»

«የእህቱ መቀበሪያ አጥቶ በጨው ጠርሙስ ቀረ። የሱም ይቅር? ስንዝር ጉድጓድ ማን ይቆጥራል?»

እኔም ሞኝ፣ እውነት መሰለኝ። ተያይዘን ሄድንና በማንኪያ ቆፈርኩ።

እኔ የማውቀው መሬታችን አመድ የመሰለ፣ ጠጠር ብቻ የተረፈው ነበር። አሁን የወጣው ግን ጥቁር፣ እርጥብ፣ ትል የሚርመሰመስበት ነው። እናቴ አንድ እፍኝ አንስታ አሸተተችው። ደስ የሚላት መስሎኝ ነበር።

«ያኔ እንዲህ ቢሆንልን፣ አባትህ እንጀራ ፍለጋ በረሃ ሄዶ አይቀርም ነበር» አለች።

ዘንጓ ቀይ አበራች። ጠባቂዎቹ ሳይደርሱብን አፈሩን መልሼ ደፈንኩት። እትብቱን ይዘን ተመለስን፤ ከእህቱ አጠገብ ጨው ውስጥ ከተትኩት።

ማታ የሚታደለንን የእርዳታ ገንፎ አቀረብኩና፣ እናቴን ላስታጥባት ውሃ ይዤ ቆምኩ። እጇን ነጠላዋ ውስጥ ደበቀች።

«አልታጠብም» አለች። «ለዛሬ እንኳ ይሽተተኝ።»