የእድሩ ዳኛ ካሜራ

ሰፈሩ የወረዳው የጥበቃ ካሜራ ይተከል አይተከል ብሎ ሲጨቃጨቅ ነገሩን የቆረጡት የእድሩ ዳኛ ነበሩ። እትዬ የሺመቤት «ወጣ ገባችንን ሁሉ ለመንግሥት ልናሳይ ነው እንዴ?» ቢሉ፣ ዳኛው «ንጹሕ ሰው ምን ያስፈራዋል?» ብለው አፍ አስያዟቸው። ካሜራውንም በገዛ አጥራቸው ላይ አስተከሉ፤ መብራቱን ከራሳቸው ቆጣሪ ሰጡ።

አንድ ማለዳ የማይታወቁ ሰዎች ታርጋ በሌላት መኪና መጥተው ልጃቸውን ይድነቃቸውን ከዚያው አጥር ሥር አፍነው ወሰዱት። ዳኛው እየጮኹ እስከ አስፋልቱ ተከትለው ሮጡ። የጠየቁት ፖሊስ ጣቢያ ሁሉ «እኛ ዘንድ የለም» አላቸው። የቀራቸው ካሜራው ነውና ቅጂው ወደሚቀመጥበት ወደ ወረዳው ጸጥታ ቢሮ ሄዱ።

«አባባ፣ ያን ዕለት መብራት ስለጠፋ አልቀረጸም» አላቸው ኃላፊው።

«ኧረ ልጄ፣ መብራቱ የሚሄደው ከእኔ ቤት ነው! ጭራሽ አልጠፋም።»

ኃላፊው ትንሽ አሰበና ስክሪኑን ወደ እሳቸው አዞረው። ያው ማለዳ ነው። ዳኛው በአንድ እግር ጫማ፣ ጋቢያቸው መሬት እየጠረገ፣ ጭር ባለው መንገድ ላይ ይሮጣሉ። ጎንበስ ብለው ድንጋይ አነሱ፤ ወረወሩ።

«መኪናዋስ?» አሉ።

«የትኛዋ መኪና?» ኃላፊው እስክሪብቶውን አነሳ። «ይልቅ ድንጋዩን የወረወሩት ማን ላይ ነው?»