የጠፋው አሮጌ ኮምፓይለር

የምርምር ተቋሙን የጋራ ሰርቨር የሚያስተዳድረው ወጣት ቂም አይረሳም ነበር። አንዲት ተመራማሪ ለአለቃው ስለከሰሰችው፣ የዓመታት ሥራዋ የሆኑትን ፕሮግራሞች ለኮምፒውተሩ ብቻውን የሚተረጉምላትን አሮጌ ኮምፓይለር ሆን ብሎ ከነቅጂው አጠፋው።

ጠዋት እየሮጠች መጣች።

«አሮጌውና አዲሱ ጎን ለጎን ይኖሩ አልነበር? ማንን ገፋ?»

«ቦታ አጣበበ፣ እትዬ» አላት፣ አንጀቱ ቅቤ እየጠጣ። «አዲስ እያለ አሮጌ ምን ያደርጋል?»

አላለቀሰችም። ትክ ብላ አየችውና «ከነቅጂው እንዳጠፋህብኝ፣ አንተንም ከነቅጂህ ያጥፋህ» ብላው ወጣች።

ምሳ ሰዓት ላይ ስልኩን ሲያበራ፣ ሁልጊዜ ፊት ለፊት የሚመጣው የምረቃው ፎቶ ላይ እናቱ ብቻዋን ቆማለች። ክንዷን ዘርግታ ያቀፈችው ባዶ አየር ነው። ፎቶዎቹን ወደ ኋላ እየገለበጠ የልጅነቱን ፈለገ። እዚያም እናቱ ባዶ ፎጣ ታቅፋ ትስቃለች።

ወዲያው ደወለላት።

«እማዬ!»

«አቤት፣ ማን ልበል?»

«እኔ ነኝ እንጂ፤ ልጅሽ!»

በዚያው በሚያውቀው ለስላሳ ድምፅ፣ «ተሳስተህ ደውለህ ነው፣ የኔ ልጅ» አለችው። «እኔ እንኳን አልወለድኩም።»